ከአህሉ የመጣ ሰው

«ዋሊያ» የሚለውን ስም መጀመሪያ ያየሁት ከርቀት አብሮኝ ይሠራ በነበረ አንድ ህንዳዊ ፕሮግራመር ኢሜይል ግርጌ ላይ ነው። ሳቄ መጣ። ለኛ ዋልያ የሰሜን ተራራ እንስሳ ነው፣ ሲቀጥል የብሔራዊ ቡድናችን ስም ነው፤ ሰው በዋልያ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ይሄንኑ ብነግረው እሱም ሳቀና አስረዳኝ። ዋሊያ የ«አህሉዋሊያ» ቁራጭ ነው። አህሉዋሊያ ደግሞ የአህሉ ሰው ማለት ነው። አህሉ የት ነው ስለው ፓኪስታን ውስጥ፣ ላሆር አጠገብ ያለች መንደር ናት አለኝ። እሱ አላያትም። አባቱም አላዩአትም። አያቱ ያዩአት እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም።

ወደ ፑንጃብ ሥነ ጽሑፍ የመራችኝ ይቺ አጭር ጨዋታ ናት። ከዚያ በኋላ ሦስት ልቦለዶችን አነበብኩ፤ አንዱ በኡርዱ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በፑንጃቢ የተጻፉ ናቸው፣ እኔ ሦስቱንም ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ሦስቱም የተወደሱ ሥራዎች ናቸው፣ ብዙ ተብሎባቸዋል። እኔ ግን ሳነባቸው ሁሌ ዓይኔ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነበር፦ ሰዎቹ ከስማቸው ቀጥሎ ምን ይባላሉ? ማን ነው ያንን ሁለተኛ ስም የሚሰጣቸው? የሌለውስ? ስለዚህ ወደ ልቦለዶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አህሉዋሊያ ትንሽ ላውራ፤ ካለሱ ቀጥሎ የምለው አይገባም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በፑንጃቢ፣ በህንዲና በኡርዱ «ዋላ» የምትል ቅጥያ አለች። ሻይ የሚሸጠው ቻይ-ዋላ፣ ሪክሾ የሚነዳው ሪክሾ-ዋላ ነው። በቦታ ስም ላይ ስትገባ የዚያ አገር ሰው ታደርጋለች፤ «ዋሊያ»ም የሷው ዘመድ ናት። እኛ ጎንደሬ፣ ጎጃሜ፣ ወሎዬ ስንል የምናደርገውን ነው የምታደርገው። ግን ጎንደሬነት እኛ ጋ ከስም አጠገብ የሚቆም መግለጫ ነው፤ ፓስፖርት ላይ አይሰፍርም፣ አዲስ አበባ የተወለደ የልጅ ልጅም አይወርሰውም። ፑንጃብ ውስጥ ይወረሳል። የማጂታ ሰው ማጂቲያ ነው፣ የአታሪ ሰው አታሪዋላ። የህንድ ፑንጃብን በዋና ሚኒስትርነት ደጋግመው የመሩት ፓርካሽ ሲንግ ባዳል ጎሳቸው ዲሎን ነው፤ ባዳል የመንደራቸው ስም ነው። እንደ ጊል፣ ሲዱ፣ ሳንዱ ያሉት በየቦታው የምንሰማቸው ስሞች ደግሞ የጎሳ ናቸው፤ እነሱም የራሳቸው የትውልድ ተረት አላቸው፣ አብዛኛው መጨረሻው አንድ የራጅፑት ልዑል ጋ ይደርሳል።

አህሉዋሊያ ከሁለቱም ትንሽ ወጣ ይላል። አንዲት መንደር ያን ሁሉ ሰው ልትወልድ አትችልማ! ስሙን ያበዛው መዋለድ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች ወሰዱት።

ጃሳ ሲንግ በ1718 አህሉ ውስጥ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። እናቱ ይዛው ዴልሂ ወረደች፣ እዚያም በአሥረኛው የሲክ ጉሩ በጎቢንድ ሲንግ ባለቤት በማታ ሱንዳሪ ቤት አደገ። በኋላ ናዋብ ካፑር ሲንግ የተባለው የሲኮች መሪ እንደ ልጁ ያዘው። በ1748 ተበታትነው ይዋጉ የነበሩት የሲክ ጭፍሮች ዳል ካልሳ በሚል ስም ሲሰባሰቡ የበላይ አዛዥ የተደረገው ጃሳ ሲንግ ነው። የራሱ ጭፍራ፣ «ሚስል» ይሉታል፣ በመንደሩ ስም አህሉዋሊያ ተባለ። በ1762 የአፍጋኑ ንጉሥ አህመድ ሻህ ዱራኒ ሲኮችን በጨረሰበት ጦርነት ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ። በ1783 ዴልሂ ገባ፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ወራሾቹ ካፑርታላን ግዛት አድርገው ህንድ ነፃ እስክትወጣ ድረስ ይዘውት ቆዩ።

እስከዚህ ድረስ የጀግና ታሪክ ነው፣ እንደ ማንኛውም የጀግና ታሪክ። ነገሩ የሚከርረው ከዚህ በኋላ ነው። ጃሳ ሲንግ የተወለደበት ወገን ካላል ይባላል። ካላል ማለት አረቄ የሚያወጣና የሚሸጥ ነው፤ በካስት መሰላል ላይ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሙያ። ጠላቶቹ ይሄን አልረሱለትም። በ1761 ሲኮች ላሆር ሲገቡ አንድ ሳንቲም ተመታ የሚል ታሪክ አለ፤ ላዩ ላይ የአህመድን አገር የያዘው «ጃሳ ካላል» ነው የሚል ይዘት ያለው የፋርስኛ ጽሑፍ ነበረበት ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ሳንቲም ላይ አይስማሙም። አንዱ ወገን የመቱት ሲኮች ራሳቸው ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ የላሆር የሃይማኖት ሰዎች አስመትተው ለአፍጋኑ ንጉሥ የላኩለት መርዝ ነው ይላል፤ አገርህን አረቄ ሻጭ ቀማህ ለማለት። እኔ ሁለተኛውን ስሰማ ነው የበለጠ የማምነው፣ ማስረጃ ኖሮኝ ሳይሆን ስድቡ በጣም ልክ ስለሆነ። ሰውየው ግማሽ ፑንጃብን ይዞም ስሙ በአባቱ ጋን ነው የሚለካው።

ለዚህ ነው «አህሉዋሊያ» የተባለው ስም ዋጋ ያወጣው። ከየት እንደመጣህ ይናገራል፣ ምን ትሠራ እንደነበር ግን አይናገርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሌሎች የሲክ ካላሎች፣ አህሉን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ ከጃሳ ሲንግ ጋር ሥጋ ዝምድና የሌላቸው፣ ራሳቸውን አህሉዋሊያ ማለት ጀመሩ። ጊዜውም ረዳቸው፤ የእንግሊዝ አስተዳደር አረቄን በፈቃድና በቀረጥ ስለጠፈረው የድሮው ሙያ ብዙ ሰው የሚያበላ አልነበረም፣ ወደ ውትድርናው፣ ወደ ንግዱ፣ ወደ ቢሮው ገቡ። ኒውዚላንዳዊው የሲክ ታሪክ ምሁር ደብልዩ ኤች ማክሊዮድ በ1970ዎቹ በጻፈው ጥናት ይሄን ጉዞ ከሌላ ስም ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦታል፤ ከራምጋርሂያ ጋር። እሱም በሌላ ጃሳ ሲንግ ይጀምራል፣ የአናጢ ወገን በሆነና አምሪትሳር ውስጥ ራምጋር የሚባለውን ምሽግ በያዘ የጦር መሪ። የሲክ አናጢዎችና አንጥረኞች ከሱ በኋላ ራምጋርሂያ ሆኑ። ከ1896 ጀምሮ እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ከፑንጃብ ካስመጧቸው ባለሙያዎች መካከል ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። እዚህ ጎረቤታችን ናይሮቢ በስማቸው የሚጠራ ጉርድዋራ አለ። የምሽግ ስም በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ውቅያኖስ ተሻግሮ የአናጢ መታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

ይሄ ማስመሰል ነው፣ ያልሆኑትን ነን ማለት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እስቲ ነገሩን ከነሱ ጎን ቆመን እንየው። በ1699 ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ አናንድፑር ላይ ካልሳን ሲመሠርት ቀድመው ከተነሱት አምስት ሰዎች መካከል ውኃ ቀጂና ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሁሉም «ሲንግ» ተባሉ፣ አንበሳ ማለት ነው፤ ሴቶቹ «ካውር»። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የካስቱን ስም ጣለው፣ ሁላችሁም አንበሳ ናችሁ። ግን ሁሉም ሰው ሲንግ ከሆነ በኋላ አንዱን ሲንግ ከሌላው መለየት ግድ ይላል፣ ለወታደር መዝገብም፣ ለመሬት መዝገብም፣ ለጋብቻም። ሦስተኛው ስም በዚያች ቀዳዳ ተመልሶ ገባ፣ ካስቱንም ይዞ። እና ሌላው ሁሉ ጎሳውን እየጠራ ሲገባ ካላሉ ብቻውን ስም አልባ ሆኖ እንዲቆም መጠየቅ ፍትሕ ነው?

የቢሮ ሰው ይሄን ነገር አይወደውም። በ2007 ኒው ዴልሂ ያለው የካናዳ ከፍተኛ ኮሚሽን ለኢሚግሬሽን የሚያመለክቱ ሰዎችን ሲንግና ካውር ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ አያገለግልም፣ ሌላ አምጡ ሲል መቆየቱ በዜና ወጣ። ምክንያቱ ስሙ መብዛቱ ነው፤ ፋይል ይደበላለቃል። ጩኸት ተነሣና አሠራሩ ቀረ። እኔ በሙያዬ ፎርም የምሠራ ሰው ነኝ፣ «የቤተሰብ ስም» የምትለዋን ሣጥን ካልሞላህ አታልፍም ብዬ ኮድ የጻፍኩበት ቀን አለ። የገዛ እናቴ ብትሞላው የምትጽፈው የአያቴን ስም ነው፣ እሱ ደግሞ የማንም የቤተሰብ ስም አይደለም። ያኔ አላሰብኩበትም። የካናዳውን ታሪክ ሳነብ ነው የደነገጥኩት፤ ካስትን ለማጥፋት ስሙን የጣለ ሰው፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለሣጥን ሲባል ካስትህን መልሰህ አምጣ ይባላል።

ሣጥኑን የጀመሩት ግን የኛ ዘመን ሰዎች አይደሉም። ዴንዚል ኢቤትሰን የተባለ የእንግሊዝ ሹም የ1881ን የፑንጃብ ሕዝብ ቆጠራ መርቶ ሪፖርቱን በ1883 አወጣ፤ ስለ ካስቶች የጻፈው ክፍል በ1916 ለብቻው መጽሐፍ ሆኖ ላሆር ታተመ። ኤች ኤ ሮዝ ደግሞ እሱንና ሌሎች መዛግብትን ይዞ የፑንጃብ ጎሳዎችና ካስቶች መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ ሦስት ትልልቅ ቅጽ። ዛሬ አንድ ፑንጃቢ የስሜ ምንጭ ምንድን ነው ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው መልስ፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ ብዙ ጊዜ ከነዚህ ገጾች የተቀዳ ነው። ኢቤትሰንን ሳነብ የጠበቅኩት ደረቅ ሹም ነበር፤ የማይጠበቅ ጥሩ ጸሐፊ ነው። ካስት በደም ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም፣ ሙያና ሥልጣን ሲለወጥ እሱም ይለወጣል የሚል ሐሳብ በድፍረት ይሟገታል። ራጅፑትና ጃት መካከል ያለው ልዩነት ከዘር ይልቅ የማዕረግ ነው ብሎ ይጽፋል። ችግሩ መጽሐፉ በሚያምነውና በሚሠራው መካከል ነው። ስሞች ይፈሳሉ እያለ እያንዳንዱን ስም በቁጥር፣ በአውራጃ፣ በሠንጠረዥ ያስረዋል። የሠንጠረዡ ልጅ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ተወለደ። በ1900 የወጣው የፑንጃብ መሬት ዝውውር ሕግ የእርሻ መሬት ከ«ገበሬ ጎሳዎች» እጅ እንዳይወጣ አገደ፣ ገበሬ ጎሳ የሚባሉትም በዝርዝር ተጻፉ። እንደ ካትሪ፣ አሮራና ባኒያ ያሉት ነጋዴ ካስቶች ከዝርዝሩ ውጭ ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህ የት መጻፉ መሬት መግዛትና አለመግዛት ሆነ። የስም ተረት ከመሸ በኋላ የሚወራ ጨዋታ መሆኑ ያኔ አበቃ።

የካፑርታላ ገዥዎችም ተረት ነበራቸው። የዘር ሐረጋቸውን ከጃይሳልሜር ራጅፑቶች ወገን ወደሆነ ራና ካፑር ወደሚባል ሰው ይወስዱታል፣ የእንግሊዝ መዝገቦች ራሳቸው ይሄን ሰው ከፊል ተረት አድርገው ነው የሚጠቅሱት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የህንድ የመጀመሪያዋ የጤና ሚኒስትር አምሪት ካውር የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነበረች፤ ዓለም የሚያውቃት በዚሁ በአምሪት ካውር ነው። ቤተ መንግሥት የተወለደ ሰው ስሙን አሳጥሮ መሄድ ይችላል። ሦስተኛው ስም የሚያስፈልገው ሱቅ ለሚከፍተው ነው።

አሁን ወደ ማንቶ።

ሳዓዳት ሐሰን ማንቶ በ1912 ሉዲያና አውራጃ የተወለደ፣ በቦምቤ የፊልም ጸሐፊ የነበረ፣ ህንድ ከተከፈለች በኋላ በ1948 ወደ ላሆር ሄዶ በ1955 እዚያው የሞተ የኡርዱ ደራሲ ነው። «ቶባ ቴክ ሲንግ» የሚለው አጭር ልቦለዱ ጥቂት ገጽ ነው። ከክፍፍሉ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ መንግሥታት እስረኞችን እንደተለዋወጡ ሁሉ የአእምሮ ሕሙማንንም ለመለዋወጥ ይወስናሉ፤ ሂንዱና ሲክ የሆኑት ወደ ህንድ፣ ህንድ ያሉት ሙስሊሞች ወደ ፓኪስታን። ላሆር ሆስፒታል ውስጥ ቢሻን ሲንግ የሚባል አንድ ሽማግሌ ሲክ አለ። አሥራ አምስት ዓመት ቆሞ ነው የኖረው፣ አይተኛም፣ እግሩ አብጧል። ቶባ ቴክ ሲንግ በሚባል ቦታ መሬት የነበረው ባለርስት ነው። ሰዎቹ ስሙን ትተው በቦታው ይጠሩታል። ልውውጡን ሲሰማ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቶባ ቴክ ሲንግ ህንድ ነው ወይስ ፓኪስታን? እርግጠኛ ሆኖ የሚመልስለት የለም። በድንበሩ ዋጋ ላይ፣ ሹሙ ፓኪስታን ነው ሲለው ወደ ህንድ አልሻገርም ብሎ እግሩን ተክሎ ይቆማል። ጎሕ ሲቀድ በሁለቱ አጥሮች መካከል፣ የማንም ባልሆነችው መሬት ላይ ይወድቃል።

ይሄ ታሪክ የክፍፍሉን እብደት ያሳያል ይባላል፤ እብዶቹ ጤነኞች፣ መንግሥታቱ እብድ። ልክ ነው፣ ግን ታሪኩን ትንሽ ያቀለዋል። እንደዚያ ብቻ ቢሆን ከሆስፒታሉ ሌላ እብድ መርጦም መጻፍ ይችል ነበር፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ህንድም ፓኪስታንም አልኖርም፣ እዚሁ ዛፍ ላይ እኖራለሁ የሚለው አለ፣ እሱ ያስቃል። ማንቶ የመረጠው ግን ስሙና አድራሻው አንድ የሆነበትን ሰው ነው። ቶባ ማለት ኩሬ ነው። እንደሚተረከው ቴክ ሲንግ የሚባል ደግ ሲክ ከዚያ ኩሬ ለመንገደኛ ውኃ ያጠጣ ነበር። እንግዲህ የሰው ስም ኩሬ ላይ ወጣ፣ የኩሬው ስም ከተማ ላይ ወጣ፣ የከተማው ስም ተመልሶ ሰው ላይ ወጣ። አህሉዋሊያ የሄደበት መንገድ ነው ይሄ። ማንቶ ማለት የፈለገው፣ እንደኔ አነባበብ፣ እንዲህ ያለ ስም የተሸከመ ሰው ከተማው ሲወሰድበት ንብረት ብቻ አይደለም የሚጎድልበት፤ ቢሻን ሲንግ አገሬ የት ነው ሲል እኔ ማን ነኝ እያለ ነው። ለዚያ ጥያቄ ሹሙ የሰጠው መልስ ትክክል ነበር፣ በካርታ። ትክክል መሆኑ ነው የገደለው።

እዚህ ላይ ልቦለዱ የማይናገረውን ነገር ልጨምር። ቶባ ቴክ ሲንግ ያለበት አካባቢ የቼናብ ወንዝ ቦይ ተቆፍሮ ደረቁ ምድር በመስኖ ከለማ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሞላ የሰፈራ አገር ነው። መሬቱ የታደለው በአብዛኛው ከምሥራቅ ለመጡ ገበሬዎች ነበር፤ ከአምሪትሳር፣ ከጃላንዳር፣ ከሉዲያና፣ ዛሬ ህንድ ከሆነው ወገን። ስለዚህ እንደ ቢሻን ሲንግ ያለ የሲክ ባለርስት እዚያ ሥር ሰደደ ቢባል የአንድ ትውልድ ወይ የሁለት ሥር ነው። የዘር ሐረግ አጥኚ ቢመጣበት የአንተ ምንጭ እንኳን ወዲያ ማዶ ነው፣ ሂድ ይለው ነበር። ሹሞቹም ያሉት ይሄንኑ ነው! ቢሻን ሲንግ አልሰማቸውም። ሃምሳ ዓመት ያረሱት መሬት ሰው ለመሆን ይበቃል። የስም ምንጭ የሚፈልጉ መጻሕፍት ሁሉ የሚስቱት ይቺን ነው፤ ሩቅ ሩቁን ያያሉ፣ አንድ ሺህ ዓመት ወደኋላ፣ ጃይሳልሜር ድረስ። ሰው የሚሞትለት ስም ግን አባቱ ትናንት ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ኩሽዋንት ሲንግ በ1956 ያወጣው «ባቡር ወደ ፓኪስታን» በተቃራኒው በር ይገባል። ማኖ ማጅራ የምትባል የድንበር መንደር ውስጥ በ1947 ክረምት ኢቅባል የሚባል የተማረ የፖለቲካ ሰው ይመጣል። የጉርድዋራው ሽማግሌ ሚት ሲንግ ስሙን ሲጠይቁት ኢቅባል ይላል፤ እሳቸውም ቀሪውን ራሳቸው ሞልተው ኢቅባል ሲንግ ያደርጉታል። ስሙ ሦስቱም ሃይማኖት ውስጥ አለ፤ ኢቅባል ሲንግ ሲክ፣ ኢቅባል ቻንድ ሂንዱ፣ መሐመድ ኢቅባል ሙስሊም። ሰውየው ዘመናዊ ነው፣ ሁለተኛ ስም አያስፈልገኝም ባይ። አራጣ አበዳሪው ተገድሎ ፖሊስ ያለጥፋቱ ሲይዘው ልብሱን አስወልቀው ያዩታል፤ ተገርዟል። አለቀ። መሐመድ ኢቅባል ተብሎ ይመዘገባል፣ የሙስሊም ሊግ ሰላይ ይሆናል፣ የአባቱን ስምም ከራሳቸው ፈጥረው ለመሙላት አይቸገሩም። (እኛ አገር ይሄ ምርመራ ምንም አያረጋግጥም ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተገርዟል። ፈገግ ብዬ ሳላበቃ መርማሪ ሌላ ምልክት አያጣም የሚለው መጣብኝ።)

እውነቱን ለመናገር ኢቅባል ደካማ ገጸ ባሕርይ ነው። ይሰብካል፣ ያዛጋል፣ መጨረሻ ላይ ውስኪ እየጠጣ ዓለምን ሲመረምር ዋናው ነገር ያመልጠዋል፤ ባቡሩን የሚያድነው የመንደሩ ወንበዴ ጁጋ ነው፣ አባቱ በዘረፋ የተሰቀለ፣ ራሱ በፖሊስ መዝገብ «ባድማሽ» ተብሎ ያደረ። ብዙ ሐያሲ ኢቅባልን ደራሲው ራሱን የተቸበት ነው ይለዋል። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ሁለቱም ሰዎች በመዝገብ ስማቸው ነው የሚታሰሩት፤ አንዱ ስም አልሰጥም በማለቱ ተሰጠው፣ ሌላው ከአባቱ የወረሰውን ስም ሊያወልቅ አልቻለም። ደራሲው እዚህ ላይ የሚያውቀውን ነው የጻፈው። የቤተሰቡ የጎሳ ስም ኩራና ሆኖ ሳለ ዕድሜ ልኩን ኩሽዋንት ሲንግ ብሎ ብቻ ፈረመ።

ማንቶና ኩሽዋንት ሲንግ የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ፣ ሦስተኛውን መጽሐፍ ባላነብ ኖሮ አላየውም ነበር። ቢሻን ሲንግ በከተማው ስም የተጠራው መሬት ስላለው ነው። ባለርስት ባይሆን፣ የዚያው ከተማ ቆዳ ፋቂ ወይም ጠራጊ ቢሆን፣ እብዶቹም ጠባቂዎቹም ቶባ ቴክ ሲንግ አይሉትም ነበር። በሙያው ነው የሚጠሩት። የአንድ ቦታ ሰው ሆኖ መጠራት ራሱ ማዕረግ ነው፣ ካላሎቹም የተጠሙት ይሄንኑ ነው። ማንቶ ይሄን አያነሣውም፤ ክፍፍሉ ሃይማኖትን ብቻ ስላየ እሱም ሃይማኖትን ብቻ አየ።

ጉርዲያል ሲንግ አየው። በ1964 የወጣው «ማርሂ ዳ ዲቫ» የመቃብር መታሰቢያ ኩራዝ ማለት ነው። ጃግሲር የዳራም ሲንግን መሬት የሚያርስ፣ ዝቅ ካለ ካስት የተወለደ ጭሰኛ ነው። አባቱ ቶላ ያንን ማሳ አብሮ ያቀና ሰው ነው፣ የቤተሰብ ያህል ይታይ የነበረ። ማሳው ዳር ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር የቶላ መታሰቢያ። የጃግሲር የዘር ሐረግ፣ የቤተሰብ ስም፣ የትውልድ ምንጭ፣ በቃ እሷ የጡብ ክምር ናት። ዳራም ሲንግ የድሮውን ቃል የሚያከብር ሰው ነው፤ ልጁ ባንታ ግን አዲስ ዘመን ነው፣ መሬት የሚለካው በምርት ነው። ዛፉን ያስቆርጣል፣ መታሰቢያውን ያነሣል። በመዝገብ ላይ የጃግሲር ስም ስለሌለ የሚከሰስ የለም። ልቦለዱ ቀርፋፋ ነው፣ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያለቅሳል፣ የጃግሲርና የባኒ ፍቅር ለኔ ረዘመብኝ። ዛፉ የሚቆረጥበትን ክፍል ግን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሦስተኛውን ተውኩት። እኛም ጭሰኛ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት አልተማርነውም።

ደራሲው ከአናጢ ቤተሰብ የተወለደ ነው፣ በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ራሱም መዶሻ ይዟል። ራምጋርሂያ የሚለው ስም በእጁ ነበር፣ አባቶቹ ለሁለት መቶ ዓመት የለፉበት። በ1999 የህንድን ትልቁን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ጅናንፒትን ሲካፈል የተጠራው ጉርዲያል ሲንግ ተብሎ ነው። የአናጢዎቹን ወደ ላይ መውጣት ሊጽፍ ይችል ነበር፣ ጥሩ ታሪክም ይወጣዋል። እሱ የጻፈው ምሽግም መንደርም ስም ስላላዋሰው ሰው ነው።

በ1947 የላሆር አካባቢ ሲኮች ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። አህሉ ከድንበሩ ወዲያ ቀረች፣ አህሉዋሊያዎቹ ወዲህ፤ ቀጥሎም ዴልሂ፣ ለንደን፣ ቫንኩቨር። ይሄን ጽሑፍ ስጨርስ ለዚያ ባልደረባዬ ጻፍኩለትና አህሉን በካርታ አሳየኝ አልኩት። አንድ ቀን ቆይቶ የስልኩን ስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ቀይዋ ምልክት ያረፈችው ላሆር ከተማ መሃል ነው። ከሥሯ «እዚህ አካባቢ መሰለኝ» ይላል።